ሞንስቴራ እንዳይሞትባችሁ፦ ከግዢ እስከ ምሰሶ ማስያዝ፣ ደረጃ በደረጃ

«ሞንስቴራዬ ቢጫ ሆነ፣ ውሃ ልጨምርለት?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። መልሴ አንድ ነው፦ ጆጉን አስቀምጡት። መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ።

እኔም የመጀመሪያውን የገደልኩት ውሃ በማብዛት ነው። ጠዋት ጠዋት አጠጣሁት። ሲጠወልግ «ጠምቶት ነው» ብዬ ጨመርኩለት። በሁለተኛው ወር ግንዱን ሳብ ሳደርገው ያለ ትግል ከነሥሩ ወጣ። ሥሩ ከመጠን በላይ የበሰለ ማካሮኒ ይመስል ነበር። አንዱን በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ስጎትተው ልጣጩ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ፤ መሃሉ ላይ የስፌት ክር የመሰለች ቀጭን ነገር ብቻ ተንጠለጠለች። ሽታውን ደግሞ ተዉት፣ የተዘጋ ቱቦ ነው።

ስለዚህ እዚህ ከቅጠሉ ይልቅ ስለ ሥሩ ብዙ እናወራለን። ሞንስቴራ፣ ያ ትልልቅ ቅጠሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቤት ተክል፣ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ሞቃታማ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ ሐረግ ነው። ከትውልድ አገሩ ለእኛ የሚጠቅመን ሁለት ነገር ነው፦ ሥሩ አየር ይፈልጋል፣ ግንዱ ደግሞ የሚደገፍበት ነገር ይፈልጋል። ቀሪው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ ይመነጫል።

ምሳሌዎቼ የአዲስ አበባ ቤት ናቸው። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ሙቀቱ ስለሚረዳችሁ ተክሉ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይጠጣል። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ከታች ቀዳዳ ያለው የአበባ መትከያ። ሸክላም ፕላስቲክም ይሆናል። ቀዳዳ የሌለው ቆንጆ ሴራሚክ ካላችሁ እንደ ውጪ ልብስ ተጠቀሙበት፤ ተክሉ በቀዳዳው ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ እሱ ውስጥ ይቀመጣል።
- ኮምፖስት ወይም የለማ የደን አፈር።
- ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ግቢ ላይ ለጭቃ የሚነጠፈው፣ ሬድ አሽ የምንለው ቀይ ጠጠር ወይም ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ።
- የከሰል ስብርባሪ። ከከሰሉ ጆንያ ሥር የሚቀረው ደቃቅ ሳይሆን ፍርካሹ።
- ሻካራ እንጨት፣ የቡና ጆንያ፣ የቃጫ ገመድ።
- ስለታም መቀስ ወይም ምላጭ፣ አልኮል፣ ጓንት።
- የሽሮ መጥበሻ ማማሰያ የሚያህል ቀጭን፣ ያልተቀባ እንጨት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ። የሞንስቴራ ቅጠልና ግንድ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት ስንጥሮች አሉ። ሕፃን ወይም ድመት ካኘከው አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል። የሚድህ ልጅ ካለ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ልጅ ካኘከ ያለውን ከአፉ አውጡ፣ አፉን በውሃ አጥቡ፣ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውሃ ስጡት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ቤት ውስጥ አትቆዩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ

መንገድ ዳር ካለ ችግኝ መሸጫ ስትገዙ ዓይናችሁ ትልቁ ቅጠል ላይ እንዳይቀር።

1. ቅጠሉን ገልብጡ። ጀርባው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር፣ ቀጭን ድር፣ ወይም የብር ዓይነት ጭረትና ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ተዉት።
2. ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ በጣታችሁ ጫን አድርጉ። ጠንካራ መሆን አለበት። ከለሰለሰ ከሥር በስብሷል።
3. ግንዱን ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ሙሉው ተክል ከተወዛወዘ ሥር አልያዘም። ትናንት የተሰካ ቁራጭ ሊሆን ይችላል።
4. አዲስ የሚወጣ ቅጠል ፈልጉ። እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ፣ ቀለል ያለ አረንጓዴ ቅጠል ካለው ሥሩ እየሠራ ነው።

ዋጋ ስትከራከሩ አንድ ነገር አስታውሱ፦ በአንድ ላስቲክ ውስጥ አራት አምስት ትንንሽ ተክል አብረው ተሰክተው «ሞላ ያለ ነው» ሊባል ይችላል። ችግር የለውም፣ ግን በኋላ ቦታ ይሻማሉ። እኔ አንድ ወፍራም ግንድ ያለውን እመርጣለሁ።

## ደረጃ 2፦ ለ2 ሳምንት ለብቻው አስቀምጡት

ቤት እንደገባ ወዲያው ወደ ሌላ መትከያ ማዛወር ያምራችኋል። ቆዩ። ከሌሎች ተክሎቻችሁ ርቆ፣ ብርሃን ባለበት ለ2 ሳምንት ይቀመጥ። በየሦስት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ እዩ። ተባይ ካለ በዚህ ጊዜ ብቅ ይላል፣ ለሌላውም አይተርፍም።

አንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢወድቅ አትደንግጡ። የቦታ ለውጥ ነው። ሦስት ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

## ደረጃ 3፦ ቦታውን በጥላ ለኩ

ብዙ ሰው ሞንስቴራን ከሶፋው ኋላ፣ መጋረጃው በማይከፈትበት ጥግ ያስቀምጠዋል። «ጥላ ይወዳል» ስለተባለ። ጥላውን ችሎ ይኖራል እንጂ አይወደውም። ጨለማ ውስጥ ወዲያው አይሞትም፤ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ቀዳዳ አያወጣም፣ ውሃም ስለማይጠጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ውሃ በዛበት የሚባለው ተክል ብዙ ጊዜ ብርሃን ያነሰው ነው።

እንዲህ ለኩ። እኩለ ቀን ላይ ተክሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ወረቀት ዘርጉ። እጃችሁን ከወረቀቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጉ።

- ጥላው ጠርዙ የደበዘዘ ግን የእጅ ቅርጽ ያለው ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው።
- ጥላው ቁልጭ ብሎ ጣት ከጣት ከተለየ ፀሐይዋ ታቃጥለዋለች። ነጭ ስስ መጋረጃ ጣሉ ወይም ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት።
- ጥላው ከጠፋ ጨለማ ነው። ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

አብዛኛውን ጊዜ ጥሩው ቦታ ከመስኮቱ በ1 እና በ2 ሜትር መካከል ይገኛል። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ካላችሁ ብዙ አትጨነቁ፣ እዚያው አጠገብ አድርጉት።

አሁን መስኮታችሁ በየት በኩል እንደሆነ እዩ። የውጭ አገር መመሪያዎች «የሰሜን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም፣ የደቡቡ ሁልጊዜ ያገኛል» ይላሉ። እሱ ለእነሱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ወደ ደቡብ አጋድላ በደቡብ መስኮት ወደ ውስጥ ትገባለች። ያውም ደመና በሌለበት በጋ። ስለዚህ በክረምት ደህና የነበረ የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ የወረቀቱን ፈተና ድገሙት፦ አንዴ በጥቅምት፣ አንዴ በሰኔ።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን ፀሐይዋ ትቆነጥጣለች። የተቃጠለ ቅጠል እንደ ወረቀት የደረቀ ነጭ ወይም ቡናማ ጠባሳ ያወጣል። ያ ጠባሳ አይድንም። ቦታውን ቀይራችሁ አዲስ ቅጠል ጠብቁ።

በረንዳ ላይ ለምታስቀምጡ፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ማታ ማታ አስገቡት። በክረምት ደግሞ በረዶ ሲወርድ ቅጠሉን ያዘነጣጥለዋል።

ሌላም አለ። ቡና ስታፈሉ የከሰል ምድጃውን ከተክሉ አጠገብ አታድርጉ። የአንድ ሰዓት ሙቀት የቅጠሉን ጠርዝ ያከስለዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ማሞቂያውን፣ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ የኤሲውን ነፋስ በዚሁ ሂሳብ ያዙት።

## ደረጃ 4፦ አፈሩን ራሳችሁ ደባልቁ

ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፣ ተክሉም የሚሞተው እዚህ ነው። በላስቲክ የምትገዙት ችግኝ ያለበት አፈር ብዙ ጊዜ ጭቃ የሚሆን ቀይ ወይም ጥቁር አፈር ነው። ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በሁለቱም ጊዜ ሥሩ አየር አያገኝም።

በጆግ እየለካችሁ ደባልቁ፦

- 2 ጆግ ኮምፖስት ወይም የደን አፈር
- 2 ጆግ ሬድ አሽ ወይም ፑሚስ
- 1 ጆግ የከሰል ስብርባሪ

ድንጋዩና ከሰሉ ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያህል ይሁን። ትልቁን በመዶሻ ስበሩት። ከዚያ በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉ፣ የቀረውን በባልዲ ውሃ እጠቡት። ዱቄቱ ከቀረ ክፍተቱን ሁሉ ይደፍነዋል፣ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

በድንጋዩ ፋንታ ደቃቅ አሸዋ አትጠቀሙ። «አሸዋ ውሃ ያሳልፋል» ይባላል፣ ግን ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ቀዳዳውን ይሞላል። አመድም አትጨምሩ። ትኩስ ፍግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሥር ያቃጥላል። ኮምፖስቱ ራሱ የበሰለ መሆኑን በአፍንጫችሁ እወቁ፦ ዝናብ የነካው መሬት እንጂ በረት መሽተት የለበትም።

ፈተና። ድብልቁን በእፍኛችሁ ያዙ፣ ውሃ ነካ አድርጉና ጨምቁት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ጥሩ ነው። እንደ ጭብጦ ተጠቅልሎ ከቀረ ድንጋይ ጨምሩ። ሁለተኛ ፈተና፦ መትከያው ውስጥ ሞልታችሁ 1 ሊትር ውሃ አፍስሱ። ደቂቃ ሳይሞላ ከሥር መውረድ መጀመር አለበት።

## ደረጃ 5፦ አዛውሩ፣ ምሰሶውንም አብራችሁ ትከሉ

መቼ? ከየካቲት እስከ ግንቦት ይሻላል። መስከረምም ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ብርሃኑ ደካማ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ የተጎዳ ሥር ቶሎ አያገግምም። ሥሩ እየበሰበሰ ከሆነ ግን ወር አትቁጠሩ፣ ዛሬውኑ አውጡት።

ምን ያህል መትከያ? ከሥሩ ኳስ (ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር) በዙሪያው ሁለት ሦስት ጣት ብቻ የሚሰፋ። «ያድግበታል» ብላችሁ ባልዲ የሚያህል አትግዙ። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፣ መበስበሱም ከዚያ ይጀምራል።

ምሰሶውን አዘጋጁ። ቅርፊቱ ያልተላጠ የጽድ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ውሰዱ። ቀርከሃ ስለሚያንሸራትት የአየር ሥሩ (ከአፈር በላይ ከግንዱ የሚወጣው ሥር) አይነክሰውም። የቡናውን ጆንያ ሁለት ዙር ጠቅልሉበት፣ በቃጫ ገመድ አጥብቁት። ርዝመቱ ከተክሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይብለጥ።

አሁን ቅደም ተከተሉ፦

1. ከአንድ ቀን በፊት ትንሽ አጠጡት። ፍጹም የደረቀ ሥር ሲነካ ይሰበራል።
2. ላስቲኩን ቅደዱት። ተክሉን በግንዱ ይዛችሁ አትጎትቱ።
3. የተለጠፈውን አፈር በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉ። ጭቃ ከሆነ ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አሟሙት። ሁሉንም ማጽዳት አያስፈልግም፣ ግማሹ ከወጣ ይበቃል።
4. ሥሩን እዩ። ነጭ፣ ክሬም ወይም ቡናማ ሆኖ ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጥቁርና ልል የሆነውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጡ።
5. የመትከያውን ቀዳዳ በአሮጌ የወንፊት ወይም የአጎበር ቁራጭ ሸፍኑ። ከታች ጠጠር አትደርድሩ። ጠጠር ውሃ አያወርድም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ያለውን አፈር ሳያጠግብ ወደ ታች አይወርድም። ያተረፋችሁት ነገር ቢኖር እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው።
6. ምሰሶውን መጀመሪያ እስከ መትከያው ወለል ድረስ አቁሙ። በኋላ እሰካለሁ ካላችሁ ሥሩን ትወጉታላችሁ።
7. ተክሉን አስቀምጡ። የግንዱን ጀርባ ለዩ፦ ቅጠሎቹ ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ፣ የአየር ሥሮቹ ደግሞ በሌላው ወገን ይወጣሉ። ሥር የሚያወጣው ወገን ወደ ምሰሶው፣ ቅጠሉ ወደ መስኮቱ።
8. አፈሩን ሙሉ። በቡጢ አትጠቅጥቁ። መትከያውን ወለል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ በራሱ ይቀመጣል። ግንዱ በፊት ከነበረበት በላይ አይቀበር።
9. ግንዱን ከምሰሶው ጋር በለስላሳ ጨርቅ እሰሩ። የሚታሰረው ግንዱ እንጂ የቅጠሉ እጀታ አይደለም። እጀታው ወደ ብርሃን እንደልቡ መዞር አለበት። ትንሽ ጣት የምታስገባ ላላ ያለች ቋጠሮ ትበቃለች።
10. ከሥር እስኪወርድ አንዴ አጠጡ። ለ10 ቀን ቀጥታ ፀሐይም ማዳበሪያም አይንካው።

ከዚያ በኋላ ጆንያውን በየጥቂት ቀኑ ውሃ ርጩበት። እርጥብ ሲሆን የአየር ሥሩ ይለጠፍበታል። ከተለጠፈ በኋላ የሚመጡት ቅጠሎች እየሰፉ ይሄዳሉ። ወለል ላይ የሚንፏቀቅ ሞንስቴራ ግን ትልቅ ቅጠል አይሰጣችሁም።

ቢበላሽስ? ካዛወራችሁ በኋላ ቅጠሉ ለጥቂት ቀን ቢያዘነብል የተለመደ ነው። አታጠጡት። ምሰሶው ከተወላገደ ደግሞ ከላይ በኩል ከመስኮቱ ብረት ጋር በገመድ ደግፉት፤ ሥሩ እስኪይዝ 2 ወር አካባቢ ይፈጃል።

## ደረጃ 6፦ ውሃ በቀን መቁጠሪያ አይደለም

«በሳምንት ስንት ጊዜ?» አትበሉ። መልስ የለውም። የአፈሩ፣ የመትከያው፣ የወሩና የብርሃኑ ጉዳይ ነው። ይልቅ ሦስቱን ጠይቁ።

ጣት። ትንሽ መትከያ ከሆነ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት።

እንጨት። ትልቅ ከሆነ ያንን ቀጭን እንጨት እስከ መትከያው ግማሽ ሰክታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ስታወጡት ከጠቆረ ወይም አፈር ከተለጠፈበት ከሥር እርጥብ ነው። የአፈሩ ፊት ስለደረቀ አትታለሉ።

ክብደት። ካጠጣችሁ በኋላ አንሱት፣ ክብደቱን እጃችሁ ይወቀው። ከሳምንት በኋላ እንደገና አንሱት። ከወር በኋላ ጣትም እንጨትም አያስፈልጋችሁም።

ደርቋል? እንግዲያው በደንብ አጠጡ። በሲኒ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያረጥባል። ዙሪያውን እየዞራችሁ ከሥር እስኪወርድ አፍስሱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። እዚያው ከተተወ ተመልሶ ይመጠጣል።

ለግምት ያህል፦ እኔ ቤት በበጋ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። የእናንተ ሊለይ ይችላል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ያስቀመጣችሁትን ተጠቀሙ፣ የክፍሉን ሙቀት ስለያዘ ጥሩ ነው። ከቧንቧ በቀጥታ የወጣ የሐምሌ ጠዋት ውሃ ግን ሥሩን ያስደነግጠዋል።

የቡና አተላ። ይህን የማልለው ቤት የለም። ጀበናው ሲያልቅ አተላው ሞንስቴራው ሥር ይደፋል። «ለአበባ ጥሩ ነው» ተብሎ። አፈሩ ፊት ላይ እንደ ልጣጭ ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ጥቃቅን ጥቁር ዝንብ ይፈለፍላል። አተላውን ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት፣ እዚያ ይጠቅማል። እንግዳ የሚያስተርፈው ስኳር ያለበት ሻይም እንዲሁ አይደፋ።

ውሃው በጎን እየወረደ ከሆነ። በጣም የደረቀ አፈር ከመትከያው ግድግዳ ይላቀቅና ውሃው መሃሉን ሳይነካ ያልፋል። «አጠጣሁት እኮ፣ ጠወለገ» የሚባለው ይህ ነው። ሳፋ ውስጥ አራት ጣት ውሃ አድርጋችሁ መትከያውን ለግማሽ ሰዓት ክተቱ። ከሥር ይምጠጥ። ከዚያ አውጥታችሁ ይንጠፍጠፍ።

## ደረጃ 7፦ ምግብ፣ ጥቂት

አዲስ ቅጠል በሚያወጣበት ወቅት ብቻ ስጡ። በየሦስት አራት ወሩ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ኮምፖስት ከላይ አልብሱት፤ ግንዱን አይንካ። ፈሳሽ የአበባ ማዳበሪያ ካላችሁ እቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን በወር አንዴ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ።

ከገጠር የመጣ ዩሪያ ቢኖራችሁ ለእርሻ ተዉት። ለመትከያ መጠኑን መመጠን ከባድ ነው፣ አንድ ማንኪያ ሥሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

አፈሩ ፊት ላይ ነጭ ጨው ከታየ ማዳበሪያ በዝቷል። መታጠቢያ ቤት ወስዳችሁ የመትከያውን ሦስት አራት እጥፍ ውሃ ቀስ እያላችሁ አሳልፉበት። ለ2 ወር ምንም አትስጡት።

## ደረጃ 8፦ አቧራውን ጥረጉ

በአቅራቢያችሁ ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ ቅጠሉ በሳምንት ውስጥ አመድ ይለብሳል። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ፣ አንድ እጃችሁን ከሥር ደግፋችሁ ላዩንም ጀርባውንም ጥረጉ። ወተት፣ ዘይት፣ ማዮኔዝ አትቀቡ። ያብለጨልጫል፣ ከዚያ አቧራውን አጥብቆ ይይዛል።

ጠዋት የቅጠሉ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ካያችሁ በሽታ አይደለም። ተክሉ ሌሊት የተረፈውን ውሃ በቅጠሉ ጫፍ ያወጣል። በየቀኑ ከሆነ ግን ውሃ ቀንሱ።

## ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

### ሥር ሲበሰብስ

ምልክቱ፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ከታች ያሉ ቅጠሎች በአንድ ጊዜ ቢጫ ይሆናሉ፣ ወይም ቢጫ ቀለበት ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። አፈሩን አሽትቱት።

1. ተክሉን አውጡ። አሮጌውን አፈር በሙሉ ጣሉ፣ ለሌላ ተክል አትስጡ።
2. ሥሩን በቧንቧ ውሃ እጠቡ። እያንዳንዱን ሥር በጣታችሁ ዳስሱ። ጠንካራው ይቆይ። የሚጨፈለቀው፣ ልጣጩ የሚንሸራተተው ይቆረጥ።
3. ከእያንዳንዱ ጥቂት ቆረጣ በኋላ ምላጩን በአልኮል ጥረጉ።
4. አትሳሱ። የበሰበሰ ሥር ጫፍ ከቀረ መልሶ ይጀምራል።
5. ጥላ ላይ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይድረቅ። ቁስሉ ይዘጋል።
6. አነስ ባለ መትከያ፣ በአዲስ ድብልቅ ትከሉት። አሮጌውን መትከያ መልሳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ በበረኪና እጠቡትና በደንብ አለቅልቁት።
7. ትንሽ ብቻ አጠጡ። አዲስ ቅጠል እስኪታይ ማዳበሪያ የለም።

ሥሩ ጨርሶ ከጠፋ ግን ግንዱ ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለ፤ ወደ ደረጃ 10 ሂዱ። ግንዱም ከሥር ከጠቆረ ከላይ በኩል እየቆራረጣችሁ ውስጡን እዩ። ቡናማ ነጥብ የሌለበት፣ ንጹሕ ክሬም ሥጋ ላይ ስትደርሱ አቁሙ።

### ሌሎቹ በአጭሩ

አንድ የታችኛው ቅጠል ቢጫ። እርጅና ነው። ቁረጡት።

ጠርዙ ቡናማና ደረቅ። ብዙ ጊዜ በጣም ደርቆ ቆይቷል፣ ወይም ማዳበሪያ በዝቷል። ለስላሳና ጥቁር ከሆነ ግን ውሃ ነው።

ቅጠሉ ቀዳዳ የለውም። ሕፃን ሞንስቴራ ልብ የሚመስል ድፍን ቅጠል ነው የሚያወጣው። ዕድሜና ብርሃን ስጡት። የተዘረጋ ቅጠል በኋላ አይቀደድም፤ የሚለወጠው ቀጣዩ ነው። ተጠቅልሎ የሚመጣውን ቅጠል «ላግዘው» ብላችሁ አትዘርጉት፣ ይቀደዳል።

ጥቃቅን ጥቁር ዝንብ። አፈሩ ብዙ ይረጥባል ማለት ነው። የላይኛው ሦስት ጣት አፈር በደንብ ሳይደርቅ አታጠጡ።

ጥጥ የመሰለ ተባይ። በአልኮል የተነከረ የጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ። የቅጠሉ እጀታ ከግንዱ የሚገናኝበትን ስንጥቅ አትርሱ።

ቀይ ሸረሪት። በበጋ ደረቅ አየር ይመጣል፣ ከጀርባ ቀጭን ድር ያደራል። ሻወር ውስጥ አስገብታችሁ ጀርባውን በውሃ ግፊት እጠቡ።

ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ። ይህ ክፉ ነው። የብር ጭረት፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከሩዝ ስባሪ ያነሱ ፈዛዛ ትሎች። ተክሉን ለዩ። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅላችሁ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። በማግስቱ ካልተጎዳ ማታ ላይ ጀርባውን ሁሉ ርጩ። እንቁላሉ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚጣል ሳሙናው አይደርስበትም። ስለዚህ በየ5 እስከ 7 ቀኑ፣ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ድገሙ። ሰው የሚሸነፈው ሁለቴ ረጭቶ «ጠፋ» ብሎ ስለሚተው ነው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፣ ቅጠሉን ያቃጥላል።

## ደረጃ 10፦ ቆርጦ ማባዛት

ለጎረቤት አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ ትሰጣላችሁ። ውሃ ውስጥ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ሥርም ሊያወጣ ይችላል። አዲስ ቅጠል ግን መቼም አያወጣም። አንጓ የለውማ።

አንጓው የት ነው? ሸንኮራ አገዳ አስቡ። ግንዱን ስትዳስሱ እንደ ቀለበት የከበበው ጠባሳ አለ፣ አጠገቡ ትንሽ እብጠት። የአየር ሥሩም ከዚያው ይወጣል። የሚተከለው ያ ነው።

1. ቢያንስ አንድ ቅጠል፣ አንድ አንጓ፣ ቢቻል አንድ የአየር ሥር ያለው ቁራጭ ምረጡ።
2. ከአንጓው በታች ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ በንጹሕ ምላጭ ቁረጡ። ጓንት አድርጉ።
3. ቁስሉ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይድረቅ።
4. ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አንጓው እንዲጠልቅ፣ ቅጠሉ ግን ውሃ እንዳይነካ አድርጉ።
5. ውሃውን በየ4 ወይም 5 ቀኑ ቀይሩ። ከደፈረሰ በዚያው ቀን ቀይሩ። ጫፉ ከላላ ንጹሕ እስኪሆን ቁረጡና እንደገና አድርቁት።
6. አዲሱ ሥር የመሃል ጣት ሲያህልና ቅርንጫፍ ሲያወጣ ወደ አፈር አዛውሩ። በሞቃት ወቅት ከ1 እስከ 2 ወር ይፈጃል። በክረምት ከቆረጣችሁ ታገሡ።

ውሃ ውስጥ ያደገ ሥር ደረቅ አፈር አያውቅም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ድብልቁ ሙሉ በሙሉ አይድረቅ፣ ትንሽ እርጥብ ይሁን። ይህ ውሃ ቶሎ ቶሎ የምትሰጡበት ብቸኛ ጊዜ ነው። አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ፦ ጣት፣ እንጨት፣ ክብደት።